ደረቅ አሸንዳ

እማማ ቶዮ ሊያደምጡ ብለው አላደመጡም። የልጅ ልጃቸውን የምሳ ዕቃ ክዳን ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሲያልፉ ነው፣ ከወረቀቱ በር ማዶ ምራታቸው ሚሆ ለባሏ የምትነግረው ነገር ጆሯቸው ጥልቅ ያለው። ‹‹ከልጆች ማቆያው ደውለው ነበር። እማማ ለጥቂት ቀን ባይመጡ ነው የሚሉት። ጣሪያው ሊወድቅባችሁ ነው ብለዋቸው፣ አንዱ ልጅ ሌሊቱን ሲባንን አደረ አሉ። እናቱ ተቆጥታለች። እኔ ልንገራቸው ወይስ አንተ?›› የገዛ ልጃቸው ሺገኖሪ በአፉ ሩዝ እንደሞላ ‹‹አንቺ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት ጦርነት ነው›› አለ። ከዚያ የሾርባ ሳህን ሲቀመጥ ተሰማ። እማማ ቶዮ ክዳኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እሳቸው መቼ ‹ሊወድቅባችሁ ነው› አሉ? ‹ኮርኒሱ ሲንቋቋ ከሰማችሁ፣ ጫማችንን ሳትሉ ውጡ› ነው ያሉት። ይህና ያ አንድ ነው እንዴ?

በሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። በረዶ በሚበዛበት በሰሜን ጃፓን፣ አኦሞሪ ተወልዶ ያረጀ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ጣሪያ የተሸከመው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያማርረው በመሐል ቤት ተንሸራታች በር ነው፤ ከላይ ያለው አግዳሚ ጎበጥ ይልና በሩን ጥርስ እንዳለው ነገር ይነክሰዋል። የእሳቸው በር ያለ ድምፅ ሸተት አለ፤ ባለፈው ሳምንት ጣሪያቸውን አስጠርገዋል። ሚሆ ፊቷ ቀልቶ ከወንበሯ ተነሣች።

‹‹እማማ፣ ዛሬ ኮቶሃን እኔው አደርሳታለሁ። ማታም ከሥራ ስወጣ እኔው አመጣታለሁ። በዚህ ዝናብ ለምን ይንከራተታሉ፤ ሞቅ ብሎዎት ይቀመጡ።››

‹‹እሺ፣ የኔ ልጅ።››

‹‹ዝናቡስ ቢሆን ደግ ነው። በረዶውን ያጥብልናል›› አለች ሚሆ።

ሚሆ በክረምት ብርቱካን ከሚለቀምበት ከደቡቡ ባሕር ዳር የመጣች ናትና እማማ ቶዮ አልፈረዱባትም። ደረቅ ብርድ ልብስ ሕፃን ልጅ ይጎትተዋል፤ የራሰውን ግን ሁለት ጎልማሳ ሴቶችም ከገንዳው አያወጡትም። ይህን ለማወቅ ብርድ ልብስ ማጠብ ይበቃል። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት አፋቸውን ከከፈቱ ስለ ዝናብ ብቻ ተናግረው እንደማያቆሙ ያውቃሉና ክዳኑን ገጥመው የምሳ ዕቃውን ለኮቶሃ ሰጧት። ኮቶሃ ቀዩን ቦቲዋን እያጠለቀች ‹‹አያቴ፣ ዛሬ አትመጪም?›› አለች። ‹‹አልመጣም።›› ‹‹ለምን?›› ሺገኖሪ የጃንጥላውን ቁልፍ ይፈታታ ጀመር። ሚሆ የልጅቱን ኮፍያ አንዴ ያስተካከለችውን እንደገና አስተካከለች። በሩ ተዘጋ።

ቤቱ ጭር ሲል እማማ ቶዮ ብርድ ልብስ በለበሰው የማሞቂያ ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ከተው ጋዜጣ ዘረጉ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ እሳቸው ቆርጠው የለጠፏቸው ወሬዎች ይታያሉ፤ ጣሪያ ሲጠርጉ የወደቁ ሽማግሌ፣ ከጣሪያ የተናደ በረዶ የቀበራቸው እናት፣ ሰው አላስቸግርም ብለው ብቻቸውን መሰላል የወጡ አዛውንት። ሺገኖሪ ‹‹እማዬ፣ ወተት ለማውጣት በመጣሁ ቁጥር ለቅሶ መድረስ አለብኝ?›› ይላቸዋል። ይሣቁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። ዝናቡ የመስኮቱን መስተዋት በስሱ ይመታ ነበር፤ በጎረቤት ቤቶች አሸንዳ ውኃው እየተንቆረቆረ ሲወርድ ይሰማል። ሳምንቱን ሙሉ ሲጥል የሰነበተው በረዶ መንገዱን ከሰው ቁመት በላይ በግራና በቀኝ አጥሮታል። ከዚያ ሁሉ በላይ አሁን ውኃ። የልጆች ማቆያው ጣሪያ በዓይናቸው መጣባቸው። ድሮ የፍራሽ ነጋዴ መጋዘን የነበረ፣ ወርዱ የሰፋ፣ መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው ቤት ነው። ለፍራሽ ይሁን። ለልጆች?

ረፋዱ ላይ ጎመን ልግዛ ብለው ወጡ። ጎመን በእርግጥ አስፈልጓቸው ነበር፤ ቢሆንም ሌላው የአትክልት ሱቅ ለቤታቸው ይቀርብ ነበር። አንዱ ጥቅል ጎመን አራት መቶ የን ገብቷል፤ መኪኖች ተራራውን መሻገር አልቻሉም አሉ። ላምባም ጨምሯል። ሴቶቹ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ተሰልፈው የሚያወሩት ስለ ጣሪያ ጠራጊዎች ወረፋ ነው፤ ዘንድሮ ጠራጊ ማግኘት ዶክተር ከማግኘት ይከብዳል፤ ዋጋቸውንማ አታንሡት ይባላል። ከፊታቸው የቆመች ዓሣ ሻጭ ዘወር ብላ ‹‹የማቆያውን ሰምተዋል፣ እማማ?›› አለቻቸው። ‹‹ወረፋቸው ለዛሬ ነበር። የሰፈር ማኅበራችን ሊቀመንበር ታናቡ ለሌላ ለቀቀው። ጥግ ላይ ላሉት ብቸኛ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!››

‹‹ለቀቀው?›› አሉ እማማ ቶዮ።

‹‹ጣሪያው ላይ የተተከለው መሣሪያ በረዶው ወርዷል ብሎ አሳየዋ። እኛ ሳያስፈልገን የተቸገረ ሰው ወረፋ ለምን እንያዝ አለ።››

ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ አገር ወረፋውን ለባሰበት የለቀቀ ሰው ወሬው ይጣፍጣል። እማማ ቶዮም ነቀነቁ። ጎመኑን ግን የት እንዳስቀመጡት እስከ ማታ አላስታወሱትም።

መምጣት ተከልክለዋል፤ ማለፍ አልተከለከሉም። እንዲህ ለራሳቸው እየነገሩ ወደ ማቆያው በሚወስደው ጠባብ መንገድ ገቡ። ከመንገዱ ሆነው ቀና ሲሉ የጣሪያው በረዶ ከጠርዙ ወጥቶ እንደ ወፍራም ከንፈር ወደ ታች ተጠቅልሏል፤ ነጭነቱ ጠፍቶ አመድ መስሏል። መሐሉ ላይ ቀይና ነጭ መስመር የተቀባው የበረዶ መለኪያ ምሰሶ፣ ከአጠገቡም የወፍ ጎጆ የምታህል ካሜራ ቆማለች። የሰፈሩ ማኅበር አምና አዋጥቶ ያስተከለው ነው፤ ሊቀመንበሩ ታናቡ ሱቁ ተቀምጦ የበረዶውን ልክ በስልኩ ያያል። እማማ ቶዮ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነበር። ጃንጥላቸውን አዘንብለው የማቆያውን አሸንዳ ተመለከቱ። ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች አሸንዳቸው እየፎከረ ውኃ ይተፋል። የማቆያው አሸንዳ አፍ ደረቅ ነበር። ጓንታቸውን አውልቀው ጣታቸውን ከተቱበት። አንዲት ጠብታ የለችም።

ከውስጥ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ይመጣል። በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ፤ አንገት መምጣት አይባልም። ታናቡ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ደርሶ፣ የመጫወቻ ክፍሉን ተንሸራታች በር ከሚሄድበት ቦይ አውጥቶ በመላጊያ ይልገዋል። የእንጨቱ ፍቅፋቂ እንደ ተጠቀለለ ፀጉር ወለሉን ሞልቷል፤ ልጆቹ እየለቀሙ ጢም ያደርጉታል። የማቆያው ኃላፊ ሳኩማ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ሻይ ይዛለት ቆማለች።

‹‹ምነው በሩን?›› አሉ እማማ ቶዮ።

‹‹አላልኩም!›› አለ ታናቡ ለሳኩማ። ‹‹የበሮች አያት መጡ። ይግቡ እንጂ፣ እማማ ቶዮ፣ አንገትዎን ብቻ ከሚያሳዩን።››

‹‹በሩ ምን ሆነ ነው የምልህ?›› አሉ ወደ ውስጥ ገባ ብለው።

‹‹ምን ይሆናል፣ አርጅቶ ነው። እርስዎና እኔ አላረጀንም? ከትናንት ጀምሮ አልንቀሳቀስ ብሎ የልጆቹን ጣት ሊቆርጥ ነው፤ ትንሽ ላግኩለት፣ አሁን ይበራል።››

‹‹ታናቡ፣ በረዶ አገር ተወልደህ በር ሲነክስ ትልገዋለህ?››

ታናቡ መላጊያውን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ነው እማማ ቶዮን ያስቸገራቸው፣ ክፉ ቢሆን ይቀላቸው ነበር። ‹‹ይኸውልዎ›› አለ፣ ምስሉን ወደ ፊታቸው አስጠግቶ። ‹‹ትናንት ቀዩን መስመር አልፎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቀዩ በታች። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ነጩ ጋ። እየወረደ ነው፣ እየወረደ! ጣሪያው እየቀለለው ነው።››

‹‹ውኃው የት ሄደ?››

‹‹የምን ውኃ?››

‹‹በረዶው ከቀለጠ ውኃው በአሸንዳው ይወርዳል። አሸንዳችሁ ደረቅ ነው። ውኃው የት ሄደ?››

‹‹ወደ ሰማይ!›› አለ ታናቡ፤ ልጆቹ ሣቁ። ሳኩማም ፈገግ ብላ ነበር፣ ወዲያው ግን ፈገግታዋን ሰበሰበችው። ‹‹እማማ፣ እባክዎን›› አለች ዝግ ብላ፣ ወደ በሩ እየገፋቻቸው ሳይሆን አብራቸው እየሄደች። ‹‹አምናም የአዲስ ዓመት ሩዝ ስንወቅጥ እንዲሁ ብለው ሁላችንን ደጅ አቁመውናል፤ ሩዙ በረደ፣ ጣሪያው ግን ይኸው አለ። ልጆቹ ፈርተዋል። ከነገ ወዲያ ሌላ ጠራጊ ይመጣል፤ ተቀጥሯል። እንዳይመጡ ሚሆ አልነገረችዎትም?››

‹‹ነግራኛለች›› አሉ እማማ ቶዮ። አልነገረቻቸውም ነበር፤ ግን ምራታቸውን አሳልፈው አይሰጡም።

ደጅ ወጥተው ከጣሪያው ሥር እንደ ቆሙ የራሳቸው ነገር ያጠራጥራቸው ጀመር። የአምናው እውነት ነው። ካቻምና የጋዝ ሽታ ሸተተኝ ብለው እሳት አደጋ የጠሩትም እውነት ነው፤ የተበላሸ ሽንኩርት ነበር። ሰው ሲያረጅ ፍርሃቱ ከዓይኑ ቀድሞ ይሄዳል። ደግሞስ ምሰሶው ለምን ይዋሻል? ምሰሶ ልብ የለው፣ ጭንቀት የለው። በረዶው በእውነት ዝቅ ብሏል፤ በዓይናቸው አይተዋል። ግን የጥጥ ክምርም ውኃ ሲጠጣ ዝቅ ይላል፤ ክብደቱ ነው የሚጨምረው። ለልጃቸው ደወሉለት። ሺገኖሪ የሚሠራበት የጀልባ ጣቢያ ጩኸት ይሰማል።

‹‹እማዬ፣ ማቆያው ነሽ እንዴ?››

‹‹ደጁ ላይ ነኝ። አሸንዳው ደረቅ ነው፣ ሺጌ። በሩንም ላጉት።››

በረጅሙ ተነፈሰ፤ የሚያውቁት ትንፋሽ ነው፣ የአባቱ። ‹‹ሚሆ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ አጎንብሳ ይቅርታ እንደጠየቀችልሽ ታውቂያለሽ? ለዚያ ልጅ እናት? በስልክ! ስልኩን ይዛ እያጎነበሰች! ስለ እግዚአብሔር ቤትሽ ግቢ።›› ስልኩ ተዘጋ።

እናም እማማ ቶዮ ቤታቸው ገቡ። ሻይ አፈሉ፤ ሳይጠጡት በረደ። የማሞቂያውን ጠረጴዛ አበሩት፣ አጠፉት። እንደገና የራሳቸውን በሮች በየተራ ገፉ፤ ሁሉም ሸተት፣ ሸተት አሉ። ያ ነው ያስጨነቃቸው። የእሳቸው በር እንዲህ ሲሄድ፣ የዚያኛው በር ደግሞ ተልጎ እንዲህ ሲሄድ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ ይመስላሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጥቂት ቆመና ነፋሱ ዞረ፤ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ዳግመኛ ጠቆረ። ለሊቱ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ካፖርታቸውን ደርበው ሲወጡ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር፤ ውሸት ነው የሚያደርጉት።

‹‹ኮቶሃ የጥርስ ቀጠሮ አላት›› አሉ ለሳኩማ፣ ከደጃፉ ላይ ሆነው። ‹‹እናቷ ረስታው ነው።››

‹‹የለኝም!›› አለች ኮቶሃ ከወዲያ፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ እስኪሰማ። ‹‹አያቴ፣ ጥርሴን ባለፈው ወር ታይቻለሁ እኮ። አንዱም አልተቦረቦረም ብለውሻል!››

‹‹አሁን ተቦርብሯል›› አሉ እማማ ቶዮ። ሳኩማ ረጅም አየቻቸው። የልጅቱን ካፖርትና ቦርሳ አምጥታ አስታቀፈቻቸው። የገዛ የልጅ ልጃቸውን እንዳይወስዱ ማን ይከለክላቸዋል።

እጇን ይዘው ወጡ። የኮቶሃ መዳፍ ሞቃት ነበር፤ ልባቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ይኸው፣ የራሴን ይዣለሁ። የቀረው የማኅበሩ ነው፣ የወላጆቹ ነው፣ የምሰሶው ነው። እኔ ተናግሬአለሁ፤ ሣቁብኝ። ሚሆን ከዚህ በላይ አላዋርዳትም። እስከ መንገዱ ጥግ፣ ባቄላ በሆዱ ያለበት ትኩስ ቂጣ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ድረስ ይህን ለራሳቸው ይነግሩ ነበር። እዚያ ኮቶሃ ቆመች።

‹‹የጥርስ ሐኪሙ በዚህ አይደለም። የምንሄደው ቤት ነው፣ አይደል? በጣሪያው ነው፣ አይደል?››

‹‹እስቲ ዝም ብለሽ ነይ።››

‹‹ምሳ ስንበላ ኮርኒሱ ‹ጧ› አለ። አቧራ የርዮታ ሩዝ ላይ ወረደ። መምህርት የጭስ ማውጫው ነው፣ ሲሞቅ እንዲህ ይላል አለች።›› ኮቶሃ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ‹‹ርዮታ እናቱ የምትመጣው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሱዙም አለች። አያቴ፣ ለምን እኔን ብቻ?››

ልጅ ሲጠይቅ መልስ አይጠብቅም ይባላል፤ ይቺ ግን ጠበቀች። ከቂጣው ሱቅ ፍርግርግ የሚወጣው እንፋሎት መነጽራቸውን ሸፈነው። መነጽሩን ሲጠርጉ ነው ሐሳቡ የመጣላቸው። ስለ ጣሪያው ቢናገሩ አንድም ሰው ከዚያ ቤት አይወጣም። ስለ ቂጣ ቢናገሩስ?

ቂጣ ሻጯ በሁለት ትልልቅ ከረጢት ሞልታ ሰጠቻቸው፤ አንዱን ኮቶሃ ተሸከመች። ከማቆያው መስኮት ሥር ቆመው መስተዋቱን አንኳኩ። ‹‹ትኩስ ነው! ማነው ባቄላ የሚወድ? ውጭ ነው የሚበላው፣ ውስጥ አይገባም! ቀድሞ የመጣ ሁለት!›› ከውስጥ እንደ ውሽንፍር የሚመስል ጩኸት ተነሣ። ቦቲ የተቀያየረ፣ በካልሲ የወጣ፣ አንዱን እጅጌ ብቻ ያጠለቀ ልጅ መንገዱን ሞላው። እማማ ቶዮ ከረጢቱን ከፍ አድርገው እየያዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ከመንገዱ ማዶ እስካለው የበረዶ ግንብ ድረስ አፈገፈጉ፤ ልጆቹም ዳክዬ እንደሚከተል ጫጩት ተከተሏቸው።

ሳኩማ በነጠላ ጫማ ወጣች። ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር።

‹‹እማማ ቶዮ! ምንድን ነው የሚሠሩት? አለርጂ ያለበት ልጅ አለኮ! ያለ ወላጅ ፈቃድ አንዲት ከረሜላ አይሰጥም፤ ይህን ሳያውቁት ነው? በዚህ ብርድ ያለ ካፖርት! ልጆች፣ አትቅመሱ! ሁላችሁም ወደ ውስጥ!››

ልጆቹ ተንቀሳቀሱ። ያን ጊዜ እማማ ቶዮ ከረጢቱን ጥለው ከወገባቸው እጥፍ ብለው እጅ ነሡ። ‹‹ይቅርታ!›› አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ‹‹ይቅርታ፣ መምህርት! ጥፋቱ የኔ ነው!›› ሳኩማም፣ ልማድ አይደል፣ መልሳ አጎነበሰች። ቀና ስትል አሮጊቷ ገና እንዳጎነበሱ ናቸው። እንደገና አጎነበሰች። በዚህ አገር ሽማግሌ አጎንብሶ ይቅርታ እየጠየቀ ጀርባ ሰጥቶ የሚገባ ሰው የለም፤ ልጆቹ እንኳ ቂጣቸውን እንደያዙ ቆሙ። እማማ ቶዮ መሬቱን እያዩ ይህን አስተዋሉ። ጣሪያውን ያላስቆመ ምላስ ሰውን ማስቆም ይችላል ለካ።

መሸት ማለት ሲጀምር እናቶቹ ከሥራ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ‹‹ለወላጆቹ ራስዎ ያስረዱ›› አለች ሳኩማ፤ እማማ ቶዮ ሌላ የሚፈልጉት አልነበረም። እያንዳንዷን እናት በመንገዱ መሐል እየጠበቁ፣ ወደ በሩ መሄጃ ሳይሰጡ፣ ከስሟ ጀምረው ይቅርታ ጠየቁ። ለቂጣው ይቅርታ። ለእርጥቡ ካልሲ ይቅርታ። ሌሊት ለባነነው ልጅ፣ ለአምናው የቀዘቀዘ ሩዝ፣ ለዚህ ሁሉ ዝናብ ይቅርታ። ‹‹ኧረ ምንም አይደለም፣ እማማ›› ትላለች አንዷ አጎንብሳ፤ ‹‹እንዴት ምንም አይደለም!›› ይላሉ እሳቸው፣ ከእሷ ዝቅ ብለው፤ እሷም ከእሳቸው ዝቅ ማለት ይኖርባታል። የርዮታ እናት ጥርሷን ነክሳ ‹‹ይበቃል፣ ተቀብያለሁ፣ ቦርሳውን ላምጣ›› ብትልም ኩርምት ብለው ፊት ለፊቷ ተንበረከኩ፤ ጭቃ የሆነው በረዶ እስከ ጭናቸው አራሳቸው። ሴትየዋ ደንግጣ እሷም ተንበረከከች። ጀርባቸው እንደ ደረቅ ገመድ ይሳባል፤ ባጎነበሱ ቁጥር ከእግራቸው መሐል የማቆያውን በር ገልብጠው ያያሉ።

ሚሆ መጣች። ሁሉንም በአንድ እይታ አየች፤ ከረጢቱን፣ ልጆቹን፣ አማቷን በጉልበታቸው። የማንንም ጥያቄ ሳትጠብቅ ከአጠገባቸው ቆማ አጎነበሰች፤ እንዳጎነበሰችም በለሆሳስ ‹‹እማማ፣ ለምን?›› አለች። ‹‹አጎንብሺ›› አሉ እማማ ቶዮ። ‹‹ብቻ አጎንብሺ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ አትነሺ።››

ጩኸቱን ሰምቶ ታናቡ ስልኩን ይዞ ከሱቁ ወጣ። ‹‹ደግሞ ጣሪያው ነው እንዴ? እንዴት ያለ ነገር ነው! ይኸው፣ አሁንም ወርዷል፤ ኑ እዩ!›› ሳኩማ ክንዶቿን አቅፋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ‹‹ልጆቹ ይታመሙብኛል›› አለች። ‹‹ካፖርቶቹን ላውጣ። ምድጃውም እንደ በራ ነው።››

እማማ ቶዮ እጅጌዋን ያዙ። ‹‹አይግቡ።››

‹‹እማማ።››

‹‹ሌላው ሁሉ ይቃጠል። አይግቡ፣ መምህርት።››

ሳኩማ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ እንዳይሰበሩ የምትፈራ ይመስል፣ ከእጅጌዋ አላቀቀች። ‹‹ይቅርታዎን ተቀብያለሁ›› አለች። ‹‹ይበቃል።›› ነጠላ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙራ ጎን ለጎን አስቀምጣ ገባች። የተላገው በር ያለ ድምፅ ሸተት ሲል ታየ።

መጀመሪያ ያየው ታናቡ ነው፣ በስልኩ። ‹‹እንዴ፣ ምሰሶው›› አለ። ‹‹ምሰሶው ዘመም...›› ቀና አላለም፤ ምስሉን ብቻ ነበር የሚያየው። ቀይና ነጩ ምሰሶ በትንሿ መስተዋት ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው ጋደል አለና ከሥዕሉ ወጣ። ድምፁ ነጎድጓድ አልነበረም። በጣም የደከመው ትልቅ ሰው ሲቀመጥ የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ነበር፤ ከዚያ የመስኮቶቹ መስተዋት ሁሉ ባንዴ ወደ መንገዱ ተተፋ፤ ነጭ ብናኝ ተነሥቶ ሁሉንም ሸፈነ። ብናኙ ሲረግፍ የመጫወቻው ክፍል በነበረበት ሰማይ ብቻ ነበር። አንድም ልጅ አላለቀሰም። ርዮታ ቂጣውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቆሟል።

በእጃቸው፣ በአካፋ፣ በምሳ ዕቃ ክዳን ቆፈሩ። ታናቡ ስልኩን የት እንደጣለው አያውቅም፤ የሳኩማን ስም እየጠራ በጥፍሩ ይጭራል። እማማ ቶዮ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ወደ በሩ ነው፤ እንዴት እንደደረሱ ሰው አልገባውም። ከበሩ ክፈፍና ከወደቀው አግዳሚ መሐል፣ ከራሰ በረዶ ውስጥ፣ እስከ ክርኑ የሚደርስ ክንድ ወጥቷል። በእጁ የልጅ ካፖርት ጨብጧል። ካፖርቱን አስለቅቀው እጁን ያዙ። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

‹‹ልጆቹ...›› አለ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ። ‹‹ልጆቹ ሙሉ ናቸው?››

‹‹ሙሉ ናቸው። ሁሉም ውጭ ናቸው።››

‹‹ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ።››

‹‹ጎበዝ። አሁን አትናገሪ። ትንፋሽሽን ያዢ። አለሁልሽ።›› መምህርቷን ‹አንቺ› ብለው እንደማያውቁ ትዝ አላላቸውም። ‹‹ይቅር በይኝ›› አሉ ቀጥለው፣ በጣም ዝግ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። ‹‹ይዤሽ መቅረት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።›› ጣቶቹ መልሰው ጨበጧቸው፣ ደካማ አጨባበጥ፣ እየቆየ የሚመጣ።

እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ መብራታቸውን ወደ ላይ አበሩ። የጣሪያው ግማሽ አልወደቀም፤ ከእማማ ቶዮ ራስ በላይ ተንጠልጥሎ፣ የተሸከመውን እርጥብ በረዶ ሁሉ እንደተሸከመ፣ ቀስ እያለ ያቃስት ነበር። አዲስ በረዶም መጣል ጀምሯል፤ በመብራቱ ጨረር ውስጥ ትላልቅ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል። ሚሆ እሳት አደጋዎቹ ከዘረጉት ገመድ ወዲያ ሆና ኮቶሃን ደረቷ ላይ ለጥፋ ‹‹እማማ!›› ትላለች። ‹‹እማማ፣ ይውጡልኝ!››

‹‹እናት›› አለ አንዱ እሳት አደጋ፣ ወጣት ነው፣ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ። ‹‹የቀረውም ሊወርድ ነው። ከእርስዎ ጋር ሆነን መሥራት አንችልም አልልም፣ ግን እዚህ መሆን የለብዎትም። ይልቀቁና ወደ ኋላ ይውጡ።››

በዕድሜያቸው ሙሉ ከተሰነጠቀ ኮርኒስ የሸሹት እማማ ቶዮ ቀና ብለው የተንጠለጠለውን አዩት። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረው፣ እጃቸው በረዶው ውስጥ እንዳለ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

‹‹ይቅርታ›› አሉት።

አለቀቁም።